የላቀው መሐላና ሰባቱ ሳህን

ግድግዳው ቀጭን ነው። ላቀውና ታናሽ ወንድሙ ሙሌ ከስሜን ተራራ መንደራቸው ከጊች ተነስተው ደባርቅ ሲገቡ ቦታ ጎን ለጎን ስለ ደረሳቸው፣ እንጨት እንቆጥብ ብለው ሁለቱን ቤት በአንድ ግድግዳ አያያዙት። ያን ጊዜ በመካከላቸው ጭቃ እንኳ ባይኖር ደስ ባላቸው። እናም ረቡዕ ጠዋት ላቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንዱን ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ እንደያዘ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሙሌ ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ዓለምዬ፣ እናቷን ስትጠይቅ ሰማ። «እማዬ፣ የአያ ላቀው በሽታ ይተላለፋል?» እናትየዋ የሺወርቅ የምን በሽታ እንደሆነ ጠየቀቻት። «እኛ ስንበላ የማይመጡት እንዳይዘን ብለው አይደለም? አስተማሪያችን፣ የታመመ ሰው ለብቻው ይብላ ብላናለች።» የሺወርቅ ሳቅ ጀመራትና መሃል ላይ ዋጠችው። ሙሌ እዚያው ነበር፤ ሳሉ ተሰማ። ላቀው ካልሲውን እንደያዘ ጠበቀ። «ኧረ አጎትሽ ደህና ነው» ብትባል ይበቃው ነበር። ሙሌ ግን ዝም አለ፤ ቀጥሎ የተሰማው የሳጥን መጎተት ብቻ ነው።

ላቀው ተከፋ። ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዱን እንኳ በደንብ ታምሞ የማያውቅ፣ በቅሎ ጭኖ ከደባርቅ አምባራስ እንግዳ ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ በስድስት ዓመት ልጅ አፍ በሽተኛ ሆነ። ይባስ ብሎ የሚቆጣው ሰው አጣ። ልጅቱ ያየችውን ነው የተናገረችው። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ አጎቷ ከቤታቸው አንዲት ጉርሻ ሲቀምስ አላየችም። የሙሌም ዝምታ ቢሆን ፍርድ አለው፤ እውነቱን ለልጅ እንዴት አድርጎ ያስረዳል?

እውነቱ ይህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እናታቸው ስታርፍ ላቀው ቱሪስት ይዞ አምባራስ ማዶ፣ ስልክ የማይሰራበት ነበር። ሙሌ በመኪና የሚሄድ ሰው ፈልጎ መልእክት ላከ፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ቀረ። ሬሳ አይጠብቅምና በማግስቱ ተቀበረች። ላቀው የደረሰው በሦስተኛው ቀን፣ ለሰልስቱ የተቀመጠው ሰው መሃል ነው። የእናቱን ፊት አላየ፣ አፈር አላለበሰ፣ «ላቀውዬ» ስትለው አልሰማ። ያኔ ልቅሶተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ከወገቡ ቀና ብሎ፣ «ኪዳነ ምሕረትን፣ ከእንግዲህ ከሙሌ ጋር እጄ አንድ መሶብ አይገባም» አለ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ሊመልሰው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አልተቋረጠም፣ ጣሪያ ሲያፈስ አብረው ይወጣሉ፣ በቅሎ ስትታመም አብረው ያድራሉ። ምግብ ሲቀርብ ግን ላቀው ተነስቶ ይሄዳል። ለዓመት በዓል ከሙሌ ቤት ጥሬ ሥጋ ከተላከ ይቀበላል፣ ወጥ ከተላከ ይመልሳል፤ መሐላው የመሶብ እንጂ የቢላ አይደለም ባይ ነው። ይህን የመሰለ ሕግ ለብቻው አውጥቶ ለብቻው ሲጠብቅ አራት ዓመት አለፈው። የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል ይባላል፤ የሚተማመን ወንድም ሲማማል ግን ይኸው፣ ግድግዳ ተጋርቶ ለየብቻ ይበላል።

አሁን ደግሞ ያ ሳጥን መጎተቱ አለ። ሙሌ ነገ ሐሙስ ከነቤተሰቡ ወደ ዛሪማ ሊወርድ ነው። የየሺወርቅ ወንድም እዚያ እህል ወፍጮ ተክሎ የሚያሠራው ሰው አጣና ጠራው። ዛሪማ ሩቅ አይደለም፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መውረድ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሳይበላና ሳያበላ ከተሸኘ መንገዱ ይረዝማል። ላቀው ይህን ያውቃል። ሦስት ሌሊት እያገላበጠ አስቦታል። ቀድሞ መናገሩ ግን እንደ ዳገት ከበደው፤ አንድ ሰው መጥቶ እጁን ይዞ ቢጎትተው ምንኛ በወደደ።

የሚጎትተው ሰው ሻይ ይዞ ገባ፤ ልጁ ማዕረግ ናት። ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት፣ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ማዕረግ አዲስ አበባ አንድ ፈረንሳዊ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታ፣ ጣቶቿ ላይ አምስት የቃጠሎ ጠባሳ ይዛ ባለፈው መስከረም ተመለሰች። አሁን በአቶ ክንዴ ሆቴል ዋና ወጥ ሠሪ ናት። ሆቴሉ ለቱሪስት የሚሆን አዲስ ነገር አምጪ ተብላ፣ የሰባት ቅምሻ ምሳ የምትለውን አወጣች። ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ሰባት ጊዜ፣ በየተራ፣ በትንሽ በትንሹ ይበላል። ዋጋው ለአንድ ሰው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር እንደሆነ ስትነግረው ላቀው ለሰባት ቀን መስሎት ነበር። ዛሬ የሙከራው ቀን ነው፤ ገንዘብ ሳይከፈል የከተማው ሰው ይቀምስና ሐሳቡን ይናገራል።

«አባባ፣ ዛሬ ምሳ እኔ ጋ ነዎት» አለች ሻዩን እያስቀመጠች። «አጎቴም ይመጣል።»

«መሐላ እንዳለብኝ እያወቅሽ?»

«መሶብ የለም እኮ። ለየብቻ ሳህን ነው፣ ለየብቻ ማንኪያ ነው። እንኳን እጃችሁ ክርናችሁ አይነካካም።» ይህን ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እሺታውን አልጠበቀችም፤ እናቷም እንደዚህ ነበረች።

ላቀው ሻዩን ፉት እያለ ጠጣና ነገሩን እንደ ዳኛ መረመረው። መሶብ ብሏል። ሳህን አላለም። ሆኖም ልቡ አልረጋ አለውና ወደ ረፋዱ ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ በገበያው ጥግ፣ ነጭ ሽንኩርት ከሚቸረችሩት ሴቶች አጠገብ አልፎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ወጣ። የነፍስ አባቱ ቄስ ገብረ ሚካኤል ደጀ ሰላሙ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። መስቀል ተሳለመና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«አባቴ፣ የኔ መሐላ የመሶብ ነው። ለየብቻ ሳህን ቢቀርብስ?»

ቄሱ ጣታቸውን መጽሐፉ መሃል ከተው፣ «ሳህኑ የሚቀመጠው ምን ላይ ነው?» አሉት።

«ጠረጴዛ ላይ።»

«ጠረጴዛው ስንት ነው?»

«አንድ» አለ ላቀው፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ።

«አራት ዓመት ሙሉ፣ ና ልፍታህ፣ ስግደትህን ስገድና ከወንድምህ ጋር ብላ ስልህ፣ የእናቴ ነገር ነው ብለህ አሻፈረኝ አልህ። ዛሬ እግዜርን በሳህን ልትሸውደው መጣህ?» ቄስ ገብረ ሚካኤል እየተቆጡ ይሁን እየሳቁ ከጢማቸው ውስጥ አይለይም። «በል ሂድ፣ ብላ። ከበላህ በኋላ እንነጋገራለን።» ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ላቀው ተፈቅዶለት ይሁን ተቀልዶበት ሳያውቅ ቁልቁል ወረደ። ቢሆንም እግሩ ቀለል ብሎታል።

የአቶ ክንዴ ሆቴል የመመገቢያ ክፍል በትልቅ መስኮት ወደ ገደሉ ይመለከታል። ከስድስት ጠረጴዛዎች አራቱ ተይዘዋል፤ ከባንክ ሁለት ሰዎች፣ አንዲት የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ሦስት አስጎብኚ ወጣቶች ነበሩ። ወቅቱ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ስለሆነ ረቡዕም ፍስክ ነው፤ ሁሉም ያለ ስጋት ተቀምጧል። ሙሌ ቀድሞ ደርሶ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ወንበሩ አጠገቡ ነው፤ ታላቁ ሳይቀመጥ እንዴት ይቀመጥ። ላቀው ሲቀመጥ ተቀመጠ። ነጭ ጨርቅ የለበሰችው ጠረጴዛ ትንሽ ስለነበረች ጉልበታቸው ሊነካካ ደረሰና ሁለቱም ወደ ኋላ ሳብ አሉ። በየፊታቸው ሦስት ሹካ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ማንኪያ ተደርድሯል። ሙሌ ቆጠረው፣ ቀጥሎም ተጨማሪ ሰው እንደሚመጣ ሁሉ በሩን አየ። ዕቃውን ስለሚጭነው አይሱዙ ተነጋገሩ፤ ሹፌሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብሏል፣ ሦስት ሰዓት ከመጣም ጥሩ ነው። ስለ ዛሪማ ሙቀት ተነጋገሩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አስተናጋጇ ስጦታ ሁለት ሳህን በአንድ ጊዜ አምጥታ እኩል አስቀመጠች። ሳህኑ እንደ ሰፌድ ይሰፋል፤ መሃሉ ላይ አንዲት የቡና ስኒ ብቻ ተቀምጣለች፣ ስኒዋ ላይ ነጭ አረፋ አለ። የገብስ ሾርባ በቅቤ መሆኑን ስጦታ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ እንዳጠናችው አድርጋ ተናገረች። ላቀው ቸገረው። ማዕድ ሲቀርብ የሚባርክ ታላቅ ነው፤ ይሁንና ጮክ ብሎ ከባረከ ጠረጴዛውን አንድ ማድረጉ ነው። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ አቡነ ዘበሰማያትን በሆዱ፣ የራሱን ስኒ ብቻ እያየ ደገመ። ሲጨርስ ሙሌ ከፊት ለፊቱ «አሜን» አለ። ለእሱም የተባረከ ይመስል ደህና አድርጎ አለው። ላቀው ምን ይበል፤ አሜን ማለትን ማን ይከለክላል።

ስኒዋን አንስቶ ቀመሰ። የጊች ገብስ ነበር። ሌላው ሰው ምን እንደቀመሰ አይታወቅም፤ ላቀው ግን ቆልተው፣ ፈትገው፣ በክረምት ጭስ ቤት ውስጥ የሚጠጡትን የልጅነቱን አጥሚት፣ ደህና ልብስ ለብሶ የመጣ ዘመድ ሆኖ አገኘው። ልጁ ይህን ከሰው አገር ሰው ተምራው መጣች ማለት ነው፤ ወይም ይዛው ሄዳ አሳምራ መለሰችው። ደስ አለው፣ ሳል ብሎ ደበቀው። ቀና ሲል ሙሌ ስኒውን አልነካም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ታላቁ እስኪቀምስ ይጠብቅ ነበር። ላቀው ከቀመሰ በኋላ ነው ያነሳው። ላቀው ይህን ረስቶት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሙሌ ሲበላ አላየውምና፣ ሙሌ ሁልጊዜ እንደሚጠብቀው ከየት ያስታውስ።

ላቀው የስኒውን ግማሽ ጠጥቶ አስቀመጠ። አባወራ ሳህን አያጸዳም፤ ያደገበት ሕግ ይህ ነው። ታላቅ በልቶ ግማሹን ይተዋል፣ የተወውን ከጓዳ ያሉት ይበሉታል። አንጠፍጥፎ መብላት ስስት ብቻ ሳይሆን ጓዳ ያለውን ሰው መርሳት ነው። ሁለተኛው ሳህን መጣ፤ እንደ ብራና ቅጠል ስስ ሆኖ የተከተፈ ድንች ተደራርቦ በወተት ስልባቦት ተጋግሯል፣ ቁመቱ የክብሪት ሳጥን ያህላል። ላቀው በሁለት ጉርሻ ግማሹን በልቶ ግማሹን ተወ። ሦስተኛው በስሱ ምስር ላይ የተቀመጠ፣ አስኳሉ እንደ ማር የሚፈስ እንቁላል ነበር። የእንቁላል ግማሽ መተው አስቸጋሪ ነው፤ ግን ተወ። ሙሌ የራሱን በየጊዜው ጥርግ አድርጎ ይበላል፣ ታናሽ ነውና አይነወርበትም። ስጦታ ሳህኖቹን ስታነሳ የላቀውን አየት እያደረገች ወደ ጓዳ ትገባለች። የጓዳው በር በተከፈተ ቁጥር ማዕረግ በነጭ ልብሷ ቆማ ትታያለች፤ ፊቷ በየሳህኑ እየጠቆረ ይሄዳል። ላቀው ሥራው አድክሟት ነው አለ በልቡ።

አራተኛው ሲመጣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። የተፈጨ በረዶ ነው፣ ሎሚና ጦስኝ ይሸታል። አፍ ለማጠብ ነው አለች ስጦታ። ሙሌ በማንኪያ ጫፍ ቀምሶ ጥርሱን ያዘ።

«አያ ላቀው፣ ጊች ላይ ይኸን በነፃ አልነበር እንዴ የምንረግጠው?»

ላቀው ሳያስበው ሳቀ። ውርጭ የረገጠ እግራቸውን ማታ ማታ በአንድ ገንዳ ውሃ ሲዘፈዝፉት ታየው። «ሸሽተነው መጣን፣ እሱ ተከትሎን በሳህን ገባ» አለ። የባንኩ ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ፤ ሳቁ ግን በትከሻቸው ለጥቂት ጊዜ ቆየ። የበረዶውን ግማሽ መተው አላስፈለገውም፣ ራሱ ቀለጠ።

አምስተኛው ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ ነበር፣ በቅቤና በሎሚ ተቀባብቶ፣ መዳፍ በማታህል ቁራጭ። ላቀው ደጋማ ነው፣ ዓሣ አይወድም፤ ይኸኛውን ግን ወደደው፣ ስለ ወደደውም ለጓዳ ከግማሽ ትንሽ በለጥ አድርጎ ተወ። ስጦታ ሳህኑን ይዛ ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ ማዕረግ ራሷ ወጣች። ግንባሯ ላይ ላብ አለ።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አልጣመዎትም?»

«ኧረ ጥሞኛል። ከሁሉ ገብሱ።»

«ታዲያ አምስቱንም ለምን ተዉት?»

ላቀው ግራ ተጋባ። «ለናንተ ነዋ። ጓዳ ያላችሁት ምን ልትቀምሱ ነው?»

ማዕረግ ሳቀች፣ ዓይኗም ረጠበ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ አባቴ ሥራዬን ናቀው እያለች ራሷን ስትበላ ነበርና። «ጓዳ ድስት ሙሉ አለ፣ አባባ። እዚህ የመጣ ትራፊ ሰው አይበላውም። እየደፋነው እኮ ነው።»

«ደፋችሁት?» አለ ላቀው። «እንቁላሉንም?»

«እንቁላሉንም።» ተጸጽታ ጥቂት ቆመች፤ ከጓዳ ሲጠሯት ሄደች። ላቀው መስኮቱን አየ። ለሰው ብሎ የተወው ሁሉ ቆሻሻ በርሜል ገብቷል። ለማን እንደሚተው ሳያውቅ መተው ከንቱ ነው፤ ተቀባይ የሌለው ግማሽ ትራፊ ነው። ይህ ነገር ከምግቡ አልፎ ሌላ ቦታ ወጋው፤ የት እንደወጋው ግን ለጊዜው አልገባውም።

ስድስተኛው ጠቦት ነበር። ከሌሊት ጀምሮ በወይን ጠጅ ሲበስል ያደረ፣ ከአጥንቱ በማንኪያ የሚላቀቅ ሥጋ፣ ከሥሩ ጥቁር የሚያብረቀርቅ መረቅ። ላቀው በላ። ሙሌም ከእሱ በኋላ በላ። ይህን አልተውም ብሎ ነበር የጀመረው፤ ነገር ግን የስድሳ ዓመት እጅ ምክር አይሰማም፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ማንኪያው በራሱ ጊዜ ቆመ። ስጦታ መጥታ ሳህኑን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ቆዪ፣ እህቴ» አለ ሙሌ። እጁን ዘርግቶ የላቀውን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ፤ ጎንበስ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ የታላቁን ግማሽ በላ። ቀስ ብሎ በላው። መረቁንም በዳቦ ጠረገው። ጊች ላይ ላቀው ከእርሻ ሲመለስ የሚተወውን ግማሽ ቂጣ በሩ ሥር ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው፣ የሚበላውም እሱ ነበር፤ ልክ እንደዚሁ፣ ቀና ሳይል። መሐላው «እጄ አይገባም» ነው የሚለው፤ የገባው የሙሌ እጅ ነው። ሕጉን ሊመረምር ጀመረና ሰለቸው። አራት ዓመት የመረመረው በቃው።

ሙሌ ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰ። አፉን በነጩ ጨርቅ ጠረገና፣ ጨርቁን እያየ ተናገረ። «እማማም ትታልህ ነበር።»

«ምኑን?»

«ያረፈች ዕለት ጠዋት። የሺወርቅ የገብስ ቂጣ ጋግራ አቀረበችላት። ግማሹን በላች፣ ግማሹን መሶቡ ውስጥ መለሰችውና፣ ይኸ የላቀው ነው፣ ማንም እንዳይነካው አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ማታ አረፈች።» ሙሌ ጨርቁን አጠፈ። «ሰልስቱ ላይ ስትደርስ ልሰጥህ ነበር። መሶቡን ሳልከፍት ማልህ።»

ላቀው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። እናቴ ሳትሰናበተኝ ሄደች ብሎ ነበር የማለው። ስንብቱ መሶብ ውስጥ ተቀምጦለት፣ እጄን አላስገባም ያለው ራሱ ነው። አለቀሰ። ብዙ አይደለም፣ የካፖርቱን እጅጌ የሚያረጥብ ያህል። ሙሌ የሰው ዓይን እንዳያየው ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ከለለው።

ሰባተኛው ሳህን የመጣው ያኔ ነው። የበግ አይብ በማር፣ ዙሪያውን በጥርስ የሚሰበር ስስ የስኳር ቅጠል፣ አናቱ ላይ አንዲት ትንሽ የጦስኝ አበባ። ማዕረግ ለዚህ አንዱ ሳህን ሁለት ሳምንት ደክማበታለች፤ ስኳሩ እንዳይሰበር በእስትንፋሷ ስትጠነቀቅ ከርማለች። የሰዎቹን ፊት ለማየት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አባቷ የራሱን ሳህን አነሳና በአጎቷ ሳህን ላይ ገለበጠው። አይቡ በአይቡ ላይ ተደፋ፣ ስኳሩ እንክትክት አለ፣ አበባዋ ማሩ ውስጥ ሰመጠች። ባዶውን ሳህን ለስጦታ ሰጣት፤ ሙሉውን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠና በዚህ ጊዜ ጮክ ብሎ፣ የባንኩ ሰዎች ማንኪያቸውን እስኪያስቀምጡ ድረስ ጮክ ብሎ፣ «በስመ አብ» አለ። ማዕረግ ጥፋቱን ሁሉ አየች። ነጭ ልብሷ ላይ እጇን ጠርጋ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

አቶ ክንዴ ሐሳብ ሊሰበስብ በየጠረጴዛው ሲዞር እነሱም ዘንድ ደረሰ። ላቀው ምግቡ እንከን እንደሌለው፣ ሳህኑ ግን ለምግቡ እንደሚሰፋው፣ ምግብ ሊጠፋበት እንደሚችል ነገረው። አቶ ክንዴ ሳቀና ስለ ትራፊው ደግሞ ምን ይሻላል አለ፤ በጓዳው ወሬው ቀድሞት ደርሷል። «ማንም አይድፋው» አለ ላቀው፣ «የሚቀበል ፈልጉለት።» ከዚያ ወንድማማቾቹ ወጡ።

ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር፣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። በኪዳነ ምሕረት በኩል ሲያልፉ ቄስ ገብረ ሚካኤል ከደጀ ሰላሙ አልተነሱም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ዳዊታቸውን አጠፉ።

«ስንት ሳህን ሆነ?»

«ሰባት፣ አባቴ» አለ ላቀው። «ስድስቱ ለየብቻ ነው። ሰባተኛው ላይ ግን አፍርሻለሁ።»

«እኔ አንድ ጠረጴዛ ነው የማውቀው። በሳህን አርባ አርባ ትሰግዳለህ።»

ላቀው ሊያሰላው ሞከረ፣ ጉልበቱ ቀድሞ አሰላው። ሙሌ ፈጠን ብሎ፣ «ግማሹን እኔ እሰግዳለሁ» አለ። ቄሱ ጢማቸውን እየዳበሱ ጥቂት አሰቡና ይሁን አሉ፤ በሃምሳው ቀን ስግደት የለምና ከጰራቅሊጦስ በኋላ በያሉበት ይጀምሩ።

የሙሌ ቤት ባዶ ሆኗል። አልጋው ተፈትቷል፣ ምጣዱ በጆንያ ታስሯል፣ ያልታሰረው መሶቡ ብቻ ነው፤ መሶብ ሁልጊዜ መጨረሻ ይጫናል። የሺወርቅ ላቀው ጎንበስ ብሎ በሩን ሲያልፍ አይታ የያዘችውን ገመድ ጣለች። ምን ተደረገ ብላ አልጠየቀችም፤ ሮጣ ሻይ ጣደች። ሙሌ ከታሰሩት ሳጥኖች አንዱን ፈታ። ከሥር፣ ከእናታቸው ነጠላ መሃል፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥቶ መሶቡ ውስጥ አስቀመጠ። ላቀው እጁን አስገባና ፈታው። ግማሽ ቂጣ ነው። የደባርቅ ብርድ አድርቆት እንደ ሸክላ ጠንክሯል፣ ጠረኑ ግን ገና ገብስ ነው፤ የተቆረሰበት ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ላቀው ምልክቱን በራሱ አውራ ጣት ለጥቂት ጊዜ ሸፈነው።

ሻዩ ቀረበ። መሶቡን ከበው ተቀመጡ፤ እነሱ የሺወርቅ ለመንገድ ከጋገረችው ዳቦ፣ ላቀው ከእናቱ ቂጣ፣ ቁራሽ ቁራሽ እየሰበረ ሻይ ውስጥ እየነከረ። ዓለምዬ መጀመሪያ ከእናቷ ጀርባ ሆና አየችው። ከዚያ ቀስ እያለች ተጠጋች፣ ጎኑ ደረሰች፣ በመጨረሻ ጉልበቱ ላይ ክርኗን አስደገፈች።

«አያ ላቀው፣ ተሻለዎት?»

«ተሻለኝ» አላት።

እስኪጨርስ ድረስ እያንዳንዱን ቁራሽ በዓይኗ ተከተለች። ላቀው በላ፤ ግማሹ ላይ አልቆመም። ጨርቁ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቱ ለቅሞ በላ፣ ጉልበቱ ላይ የወደቀችውንም አነሳ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም ምንም ሳይተው በላ።

«ለእኔ አልተዉልኝም» አለች ዓለምዬ፣ ቅር ብሏት።

«ይኸኛው ለእኔ የተተወ ነበር» አለና ጨርቁን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ያንችን ዛሪማ ስመጣ እተውልሻለሁ።»